ጋሽ በላቸው ያላዞሩት ሰዓት

ሰው ከሰዓት ጋር ይጣላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ቶሮንቶ ኑና እዩ እላችኋለሁ። እዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ አገሩ በሙሉ ሰዓቱን ያዞራል፤ በመጋቢት መግቢያ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በጥቅምት ማብቂያ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ከዚያ ሁሉም ሰው ለአንድ ሳምንት ይከራከራል። የሚደግፉት፣ ሰመር ላይ ማታው ስለሚረዝም ልጆች ከእራት በኋላ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ ይላሉ። የሚቃወሙት፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ ሕፃንና ውሻ ደግሞ ማስታወቂያ ስለማያነቡ በድሮው ሰዓት ይነሣሉ ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔም ጥቅምት ሲያልቅ ጠዋት ባስ የምጠብቅበት ቦታ ትንሽ ስለሚበራልኝ ደስ ይለኛል፤ ማታ ደግሞ ከትምህርት ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስለሚጨልምብኝ ይከፋኛል። ብርሃኑ ያው ነው። ከማታው ቆርጠው ጠዋቱ ላይ ይሰፉታል።

የእኛ ቸርች ሰዎች ግን ከዚህ ነገር ያልታሰበ ጥቅም አግኝተዋል። ሰዓት የምቆጥረው በእኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝና፣ አራት ሰዓት የተባለ ፕሮግራም አምስት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ ታውቁ የለ? ጥቅምት ላይ ሰዓቱን ማዞር የረሳ ሰው አንድ ሰዓት ይቀድማል። አንድ ሰዓት ማርፈድ ደግሞ ልማዱ ነው። ስለዚህ ልክ በሰዓቱ ይደርሳል። በዓመት አንድ ቀን ሰዓት የምናከብረው ረስተን ነው ማለት ነው። መጋቢት ላይ የረሳ ሰው ግን የሚደርሰው ለቡራኬ ነው።

እኔን የሚያገባኝ ግን ብርሃኑም ማርፈዱም አይደለም። ፀጉሬ ነው።

ይኼን ለማስረዳት ስለ ራሴ ትንሽ መናገር አለብኝ፣ እሱ ደግሞ አይሆንልኝም። ስምንተኛ ክፍልን በሰኔ ጨርሼ አሁን ዘጠነኛ ነኝ። ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊቴን ካየኝ ቃላቱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ አንዱም ቀድሞ አይወጣም። እንደ ልቤ የማወራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ። ምንጣፉ ላይ በጉልበቶቿ መካከል እቀመጣለሁ፣ ፊቴ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬ ወደ እሷ። እጇ ይሰማኛል፣ ዓይኗ አያየኝም። ያን ጊዜ የማይወጣ ነገር የለም። ሹሩባ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሰዓት ለእኔ ብዙ ወሬ ነው።

እኔና እናቴ የምንኖረው ስካርቦሮ ውስጥ፣ በአንድ አፓርታማ፣ ግን በተለያየ ሰዓት ነው። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ጠዋት ስወጣ ተኝታለች። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ሥራ ገብታለች። እሷ እኩለ ሌሊት አልፎ ስትመጣ እኔ ተኝቻለሁ። ቅዳሜ ቀን ኮርስ አላት፣ ቅዳሜ ማታ የሌሊት ሺፍት ትገባለች። እሑድ ከቸርች እንደተመለስን እስከ ማታ ትተኛለች። የምንነጋገረው በፍሪጁ በር ላይ ነው። «ወጡ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው» ብላ ትለጥፋለች። «በላሁ፣ እጅሽ ይባረክ» ብዬ እለጥፋለሁ።

አንድ የምነግራት ነገር ነበረኝ። በአዲሱ ትምህርት ቤት ምሳዬን የምበላው ብቻዬን፣ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ይኼ ፍሪጅ ላይ አይለጠፍም። እንዳልነግራት ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ ፀጉሬን አልነካችውም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ፓስተሩ ከመድረክ ላይ፣ «በሚቀጥለው እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንድ ሰዓት ትርፍ አላችሁ» ሲሉ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ትርፏ የአንቺ ናት። ሹሩባ እሠራሻለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያች ሰዓት አሰብኩ። ቅዳሜ ገና ሳይመሽ ፀጉሬን ፈትቼ አጠብኩ፣ ሚዶውንና ዘይቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ የቤቱን ሰዓቶች በሙሉ አዞርኩ። የምድጃውን ሲቀር፤ እሱን ማዞር የሚችል ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሒሳቤ ቀላል ነበር። እናቴ እሑድ ጠዋት የምትመጣው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ አንድ ከሩብ ትመጣለች።

አንድ ከሩብ ሆነ። አልመጣችም። አንድ ተኩል ሆነ። ፀጉሬ በዘይት እጦት ወደ ላይ መቆም ጀመረ። እናቴ የገባችው እንደ ሁልጊዜው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

«ውይ ልጄ! ፈታሽው እንዴ?»

«ትርፏ ሰዓትስ?» አልኩ።

ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «እዚያው ሠራኋት። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ወደ ሰባት መለሱት። ሰባት ሰዓትን ሁለት ጊዜ ሠራሁት፣ ልጄ። አምስት ደቂቃ ብቻ ጋደም ልበልና...»

አምስት ደቂቃዋን አውቃታለሁ። ጋሽ በላቸው እስኪመጡ ድረስ ትዘልቃለች።

ጋሽ በላቸው ጎረቤታችን ናቸው፣ እሑድ እሑድ በመኪናቸው ቸርች ይወስዱናል። የሚመጡት ሦስት ተኩል ላይ ነው። ሰዓታቸውን አዙረው አያውቁም። «መንግሥት መንገድ ይዝጋብኝ፣ መብራት ያቁመኝ፣ ሰዓቴን ግን አላስነካም!» ይላሉ። የበረዶውን ክረምት ሙሉ በጭንቅላታቸው አንድ ሰዓት እየቀነሱ ይኖራሉ። በመጀመሪያው እሑድ ግን መቀነሱን ይረሱታል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የክላክስ ድምፅ ሰማን። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ተነሣች። «ጋሼ መጡ! ረፈደብን! ኮትሽን ልበሺ!»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ትክክል ነው። አንድ ቃል ብናገር ጋሽ በላቸው ቤታቸው ይመለሳሉ፣ እናቴም ሙሉ አንድ ሰዓት ትተኛለች። እንቅልፉ እንደሚያስፈልጋትም አውቃለሁ፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ማንም ያየዋል። እኔ ግን ዝም ማለት ስለምችልበት ዝም አልኩ። ሚዶውንና ዘይቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቸርቹ በር ላይ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል፣ ፓርኪንጉ ባዶ ነው። ጋሽ በላቸው ተናደዱ።

«ይኼ ሕዝብ ምን ነካው? አራት ሰዓት እኮ ሊሞላ ነው!»

እናቴ ስልኳን አየች። «ጋሼ፣ ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ዛሬ ተቀይሯል።»

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ይግባኝ እንደሚል ሰው ሰማዩን አዩ። «አይ እነዚህ ሰዎች! እንዲያው ሳያማክሩኝ!»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ቆይ፣ የቤቱን ሰዓቶች ያዞርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ሚዶውን አወጣሁ። ሚዶውንም እኔንም አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«አንቺ ዝምተኛ! ዙሪ በይ።»

የኋላ ወንበር ላይ ጀርባዬን ሰጥቻት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጋሽ በላቸው ሂተሩን ከፍ አደረጉልንና ፊት ለፊት እያዩ ከመንግሥት ጋር ይከራከሩ ጀመር። የእናቴ እጅ የመጦሪያውን ሳሙና ይሸታል። ጣቶቿ ከማውቀው የዘገዩ ናቸው፣ ግን መንገዱን አልረሱትም። ስለ ባሱ ነገርኳት። ስለ ሒሳብ አስተማሪዬ ነገርኳት። ነፋሱ ቅጠሎቹን ከፓርኪንጉ ዳር እስከ ዳር ሲነዳቸው እያየሁ፣ የራሴ ቀኝ ጎን ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ያንን አወጣሁት።

«እማዬ፣ ምሳዬን ደረጃ ላይ ነው የምበላው። ብቻዬን።»

ጣቶቿ ቆሙ። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ግንባሯ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ተኝታለች።

ጋሽ በላቸው በመስታወቱ አዩን። ክርክራቸውን አቆሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። «አትነቃነቂ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትተኛ።»

አልተነቃነቅኩም። እግሬ ደነዘዘ፣ አንገቴ ጠመመ፣ እኔ ግን አልተነቃነቅኩም። የነጠቅኳትን እንቅልፍ እዚያው ትከሻዬ ላይ ተኛችው። አራት ሰዓት ላይ ማዞር የረሱት ሁሉ በሰዓታቸው ተግተልትለው መጡ፤ ፓስተሩም ተገርመው ጌታን አመሰገኑ። እናቴ ስትነቃ «የት ደረስኩ?» ብላ ፀጉሬን ዳሰሰች። ስለ ደረጃው ግን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ግማሽ ራሴን በእሷ ሻሽ ሸፍኜ ዘመርኩ።

ሰኞ ፍሪጁ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ወጡ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የቀኙን እንዳትፈቺው፣ ግራውን እሠራዋለሁ።» ሌላ ምንም የለም። እንግዲያው አልሰማችም አልኩ።

የምሳ ዕቃዬ ግን ከብዶኝ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስከፍተው ምግቡ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። ሹካውም ሁለት ነው።

ሁለተኛዋን ሹካ እስካሁን የያዛት ሰው የለም። ዓርብ ዕለት ግን ከደረጃው ተነሥቼ እስከ ምሳ አዳራሹ በር ድረስ ሄጃለሁ። በመስታወቱ በኩል፣ እንደ እኔ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ልጅ አይቻለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ ለእኔ እንዲያውም የሚሻለው እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ሰዓቱ መዞር አለበት ወይስ የለበትም ትሉኝ ይሆናል። የግራው ጎኔ አሁንም ቆሟል፣ መጋቢትም ሲመጣ አንዲቱን ሰዓት መልሰው ይወስዷታል። ቢሆንም፣ ጋሽ በላቸው የእሳቸውን እስካላዞሩ ድረስ፣ ይዙር።