ደረጃ ሦስት የወጥ እድፍ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለክፉ ጠላቴም አልመኝለትም። ጠላት ደግሞ አላጣሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስከራከር ነው የኖርሁት።

የተኛሁትም ተከራክሬ ነው። ባለቤቴ ባንቺአምላክ እራት አቅርባ፣ «ሰይፈ፣ ያንን የብቃት ምዘና ሄደህ ለምን አትፈተንም?» አለችኝ። ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ እጥበት የከፈትነው እሷና እኔ ነን፤ ገንዳው የኔ፣ ደንበኛ ማባበሉ የሷ። «ትልልቆቹ ሆቴሎች ማረጋገጫ የሌለውን አጣቢ ከዘበኛው አያሳልፉትም። የተመዘኑት እኮ የትኛው ክር ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚጠላ ተምረው ነው የሚሠሩት። ሰውም ምንጣፉን ሰጥቷቸው አጠገባቸው አይገተርም፤ አምኖ ይሄዳል።»

«ምንጣፍ ለማጠብ ፈተና?» አልሁ። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። «ነገ ደግሞ ፊትህን ለመታጠብ ፈቃድ አምጣ ይሉኛል! ውኃ ነው፣ ሳሙና ነው፣ ጉልበት ነው። ሦስቱም አሉኝ።»

«ጉልበትህንስ ጎረቤቱም ያውቀዋል፤ በጩኸትህ» አለችና ሰሐኑን አነሣች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ የሠፈራችን እናት አንድ የሱፍ ምንጣፍ አምጥተውልኝ ነበር። ሟች ባለቤታቸው ደብረ ብርሃን ሳሉ በእጃቸው የሸመኑት ነው። የሴት ልጃቸው ሠርግ ደርሷል፤ በመልሱ ቀን ሙሽሮቹ በአባቷ ምንጣፍ ላይ እንዲቀመጡ ፈልገዋል። «አደራ ልጄ፣ የእሱ እጅ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም» ብለውኝ ሄዱ። እኔም እነዚያን ከውጭ የሚመጡትን የፕላስቲክ ክር ምንጣፎች እንደማጥበው አጠብሁት። ገንዳው ውስጥ የፈላ ውኃ ሞላሁ፣ የዱቄት ሳሙና ነሰነስሁ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ እስኪደክመኝ ድረስ ረገጥሁት፣ ከዚያ እዚያው ነክሬው ገባሁ። የፕላስቲኩ ክር ይህን ሁሉ ችሎ ነው የኖረው። ይኼኛውስ ምን ይሆናል? ንጉሥ አይደል!

በሕልሜ ነጋና ወደ ገንዳው ሄድሁ። ገንዳው ባዶ ነው። ከገንዳው እስከ በሩ ድረስ ጭቃው ላይ የምንጣፍ ዘርፍ ዱካ ተሰልፏል። ምንጣፉ በዘርፎቹ እየተራመደ ወጥቶ ሄዷል።

«አደራ!» የሚለው የሴትዮዋ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። በባዶ እግሬ ተከትዬው ወጣሁ።

ከበሩ ስወጣ ሰማዩ ከእግሬ ሥር ነበር። አስፋልቱ ከራሴ በላይ ተዘርግቷል። ይህ እንኳ ብዙም አልደነቀኝ፤ መንገዳችን ከድሮም ያው ነው። ያስደነገጠኝ በየአጥሩና በየበረንዳው ሰው መሰጣቱ ነው። ምንጣፎች ዱላ ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ሰዎቹን እየደበደቡ አቧራቸውን ያራግፋሉ። ጎረቤቴ አቶ ደምመላሽ በሽቦ ላይ በሆዳቸው ተንጠልጥለው፣ አንድ ቀይ የሳሎን ምንጣፍ ወገባቸውን ይወቅጣቸዋል።

«አቶ ደምመላሽ! ማነው እዚህ የሰቀለዎት?»

«ዝም በል፣ ጀርባዬ ገና አልደረቀም» አሉኝ።

«ይህ ግፍ ነው! ይከሰሳል!»

«ከፀሐዩ ገለል በልልኝና ክሰስ» አሉ።

ታክሲ ፍለጋ ሮጥሁ። ታክሲው መጣ፤ ተሳፋሪዎቹ በትከሻቸው ተሸክመውታል። ሾፌሩ ውስጥ ተጋድሞ ያንኮራፋል። እኔም ከኋላ ገብቼ ጎማውን ተሸከምሁ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ፌርማታው «አለ!» ብሎ ወርዶ ሄደ።

«አንድ እርጥብ ምንጣፍ ሲያልፍ አይታችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ያ የሚያለቅሰው? ወደ ሆቴሉ ታጠፈ» አለኝ በር የተሸከመው ሰውዬ።

ሆቴሉ በር ላይ የዘበኛ ካፖርት የለበሰ መጥረጊያ ቆሟል። ወደ ውስጥ አጮልቄ አየሁ። በሰፊው አዳራሽ ወለል ላይ ሱፍ ልብስ የለበሱ ሰዎች ጎን ለጎን ተነጥፈው፣ ምንጣፎች ጫማ አድርገው በላያቸው ይመላለሳሉ። አንዱን ጎንበስ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ተነሥ እንጂ! ሰው አይደለህ?» አልሁት።

«ወለል ነኝ፣ ደረጃ ሁለት» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሲረገጥ የማይጮህ መሆኑ ተመዝኖ ተረጋግጧል። እባክህ ሥራዬን አታበላሽብኝ፤ ስንት ሰው ነው ይህን ቦታ የሚመኘው።»

«እኔን ማንም አይረግጠኝም!»

መጥረጊያው ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ። «ማረጋገጫ ስለሌለህ ነው» አለ በሐዘኔታ። «ምንጣፍህም እዚህ መጥቶ ነበር፤ የተመዘነ አጣቢ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አሁን አንተን ሊከስ ወደ ምዘና ማዕከል ሄዷል። ፍጠን፣ እየደረቀ ነው።»

እንዴት እንደ ደረስሁ አላውቅም፤ ዞር ስል የምዘና ማዕከሉ በር ላይ ነበርሁ። ኃላፊዎቹ በሩ ላይ ተንበርክከው የባለጉዳዩን እግር ይዘዋል። «እባክዎ ነገ አይምጡ! ዛሬ እንጨርስልዎ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው። አንዱ ኃላፊ አቅፎ አስገባኝና የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ።

አግዳሚው በእድፍ ተሞልቷል። የቡና እድፍ፣ የዘይት እድፍ፣ የቀለም እድፍ፣ ሁሉም ፀጉሩን ተበጥሮ ቁጭ ብሏል።

«ጠጋ ጠጋውን ተወው ጋሼ፣ ትነካኛለህ» አለ ከጎኔ የነበረው ቀይ ወጥ እድፍ። ክራባት አስሯል። አንገቱ ላይ በላስቲክ የተለበጠ ማረጋገጫ ተንጠልጥሏል።

«ብነካህስ? እድፍ አይደለህ?»

«ደረጃ ሦስት» አለና ማረጋገጫውን ወደ ብርሃኑ መለስ አደረገው።

«እድፍ ደግሞ ምን ደረጃ አለው!»

«ተው ጋሼ፣ እኔም እንዳንተ ነበርሁ» አለ ክራባቱን እያላላ። «ድሮ ከማንኪያ ላይ ዝም ብዬ ጠብ እል ነበር። የት እንደምወድቅ አላውቅም። አንዲት ሠራተኛ በእርጥብ ጨርቅ ነካ ስታደርገኝ ልቅቅ! ውርደት ነው። ኋላ ሠለጠንሁ። ሱፉን ከጥጡ፣ ጥጡን ከፕላስቲኩ ለየሁ። የቱ ጋ ሥር እንደምሰድ፣ ምን ሲፈስብኝ እንደምጸና ተማርሁ። ተመዘንሁ፣ አለፍሁ። ዛሬ ትልልቅ ቤቶች ግባልን ብለው መኪና ይልኩልኛል። ብለቅ ዋስትና አለኝ። ቢያጠቁኝ ማኅበር አለኝ። እመቤቲቱ ስታየኝ እንኳ፣ ይህስ ባለሙያ ነው ብላ በክብር ትተወኛለች።»

«አሁኑኑ አጥብሃለሁ!» ብዬ ተነሣሁ።

«በምን ማስረጃ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የዘይቱ እድፍ እስኪሰፋ ድረስ ሳቀ። እኔ ቡጢዬን ጨብጬ ቆሜያለሁ። «ክንድ አለኝ» ልል ነበር፤ ክንዴን ሳየው ቀጭን ሆኖ ታየኝ።

ከውስጥ «ሰይፈ!» ተባለ።

ክፍሉ ውስጥ ከሰፊ ጠረጴዛ በስተጀርባ አንድ ሙክት ተቀምጧል። መነጽር አድርጓል፤ ከሰው ፀጉር የተሠራ ካባ ደርቧል። ከፊቱ፣ በከሳሽ ወንበር ላይ፣ የወይዘሮ የሺመቤት ምንጣፍ እየተንጠባጠበ ይንቀጠቀጣል። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሙያ?» አለ ሙክቱ።

«ምንጣፍ አጣቢ።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልሁ!»

«ሌላስ?»

«ሌላ ለምን ያስፈልጋል? ደግሞስ በግ እኔን ሊመዝን ምን መብት አለው?»

«ሱፉ የማን ነው?» አለ ሙክቱ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።

እጄ ወደ ራሴ ፀጉር ሄደ።

«ጥያቄው አንድ ነው» አለ። «ሱፍ በፈላ ውኃና በሳሙና ሲረገጥ ምን ይሆናል?»

«ይጸዳል!»

ምንጣፉ የሳሙና አረፋ አለቀሰ። ሙክቱም መነጽሩን አውልቆ በካባው ጠረገ። «በርኖስ የሚሠሩት ሰዎች ሱፉን በውኃ ለምን የሚረግጡት ይመስልሃል?»

«በርኖስ ለምን ይነሣል? እኔ ምንጣፍ አጣቢ ነኝ!»

«እሺ፣ ተግባሩን እንይ» አለና አጨበጨበ። «በእሱ አሠራር እጠቡት።»

ጠቦቶች ከየጥጉ ዘለው ያዙኝ። ገንዳው የኔው ገንዳ ነው፤ እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። የዱቄት ሳሙናው ከጣሪያው እንደ በረዶ ወረደ። «ሕግ አለ! ሕገ ወጥ ናችሁ! ይህን ለመጻፍ ወረቀት ስጡኝ!» እያልሁ ተራገጥሁ። ውኃው ተረከዜን ሲነካኝ ግን ክርክሩ ሁሉ ከአፌ ወደቀ።

«ቆይ! ቆይ! መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩ! በማይታይ ቦታ፣ ከጆሮዬ ሥር! ለብ ያለ ውኃ! ለብ ያለ! አትርገጡኝ፣ ጫን ብቻ አድርጋችሁ ጭመቁኝ!»

ሙክቱ ከወንበሩ ተነሣ። «ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም! ያቃጥላል!»

«ገንዳው ውስጥ የገባ ሁሉ ያውቀዋል» አለ። «እኛ የምንመዝነው ሳይገባ የሚያውቀውን ነበር።»

ነከሩኝ። ረገጡኝ። ክር ከክር እንደሚጠላለፍ ጎድኔ ከጎድኔ ተያያዘ። ክንዴ ወደ ትከሻዬ፣ አንገቴ ወደ ደረቴ ገባ። ሱሪዬ ብቻውን ተንሳፍፎ ሲሄድ አየሁት። «ዘርጉኝ! ጎትታችሁ ወደ ቦታዬ መልሱኝ!» ብዬ ጮህሁ፤ ድምፄ የትንኝ ሆኗል።

«የተኮማተረ ሱፍ ወደ ቦታው አይመለስም» አለ ሙክቱ። አሁን ድምፁ ያሳዝን ነበር። «የጥያቄው መልስ ይኸው ነው። አሁን ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ አልፈሃል።»

ማኅተሙን መታና ማረጋገጫውን ሰጠኝ። ወረቀቱ እንደ ድንኳን በላዬ ወደቀ፤ ከሥሩ ጨለማ ዋጠኝ። ከውጭ ምንጣፎቹ በዘርፋቸው ሲያጨበጭቡ እሰማለሁ።

«ይግባኝ!» አልሁ ከወረቀቱ ሥር።

«በምኑ ላይ?»

«በማለፌ ላይ!»

የወጥ እድፉ የወረቀቱን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ ጎንበስ አለ። ፊቱ ተራራ አክሏል። «እንኳን ደስ አለህ ጋሼ፣ አሁን እኩያሞች ነን» አለ። «በል ና፣ እጠበኝ።» እጄን ዘረጋሁ። እንኳን እሱን፣ የራሴን አፍንጫ አልነካ አለኝ።

«ሰይፈ።»

ባንቺአምላክ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። አትጮህም። እሷ ሳትጮህ ስትጠራኝ ደግ ነገር አይቼ አላውቅም።

«ወይዘሮ የሺመቤት መጥተዋል» አለች።

ከብርድ ልብሱ ሥር እግሬን ዘረጋሁ፤ እስከ አልጋው ጫፍ ደረሰ። ክንዴን ዳሰስሁ፤ አለ። «ተመስገን» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ጠዋት ተነሥታ ምንጣፉን ከገንዳው አውጥታ ሽቦ ላይ እንደ ሰቀለችው ነገረችኝ።

ወጣሁ። ሽቦው ረጅም ነው፤ በላዩ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ግን አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አያስቀምጥም። ወፍሯል፣ እንደ ቆዳ ጠጥሯል። ሟቹ በላዩ ላይ የሸመኑት ሐረግ እርስ በርሱ ተጨማድዶ፣ የተጨፈነ ዓይን መስሏል። ወይዘሮ የሺመቤት ለብሰው አጊጠው ከጎኑ ቆመዋል። ጠርዙን በጣታቸው ጫፍ ይዳስሳሉ።

የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ሱፉ አርጅቷል፣ ሽመናው ላልቷል፣ ውኃው የከተማ ውኃ ነው፤ ይህን ሁሉ በምላሴ ላይ ደርድሬ ነው የቀረብሁት።

እሳቸው ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

«ደኅና አደርህ ልጄ? ይቺ የበቅሎ ኮርቻ ልብስ የማን ናት? ሽመናዋ የባለቤቴን እጅ ትመስላለች፤ ሳያት ልቤ ድንግጥ አለ።»

ዓይኔ ወደ ገንዳው ሸሸ።

«ግድ የለም፣ አትቸኩልብኝ» አሉ። ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «የእኔ ትልቅ ነው፤ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። እጠብቃለሁ።»