ከችሎት በፊት እርቅ

የታሰረው የማኅበራችን ልጅ የዳዊት ጠበቃ የደወለችልኝ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ያሉበት መንገድ ላይ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ነበር። «ዳኛው የዳዊትን ዋስትና ከለከሉ» አለችኝ። «የሚቀበለው ወገን አለው ወይ ብለው ዞር ሲሉ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር።»

እንዴት ባዶ ይሆናል? እኔስ ከሥራ ፈቃድ ተከልክዬ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ግን እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ችሎቱ ላይ እገኛለሁ ብሎ የለም እንዴ?

ሬስቶራንት ስገባ ሁሉም እዚያ ናቸው። ለካ ጋሼ ታደሰና ጋሼ መኮንን ችሎት ውስጥ ማን ከፊት ይቀመጥ በሚል ተጣልተው ኖሯል። እኛ ደግሞ ተኳርፈን ፈረንጅ ፊት አንቀርብም፤ ነውር ነዋ! ስለዚህ ሽማግሌ ተመረጠ፣ ጉልበት ተሳመ፣ ክትፎ ታዘዘ። እንዲህ ያለ እርቅ ወዳድ ሕዝብ የት ይገኛል?

«እህቴ፣ ደስ ይበልሽ፣ ታረቁልን!» አሉኝ ሽማግሌው።

«ዳዊትስ፣ ጋሼ?»

«እሱማ የታሰረ ሰው፣ የት ይሄድብናል ብለሽ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ስሙን ለእመቤቴ ከመስጠት ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

ማታ ዳዊት ከእስር ቤት ደወለ። ስለ ዋስትናው አንድ ቃል አላነሳም። «ሁሉም የቀሩት ምን ደርሶባቸው ነው? መንገድ ላይ አደጋ ገጠማቸው እንዴ?» ይለኛል። ምሳው ላይ የነበራችሁ፣ ስለ መድኃኔዓለም ብላችሁ፣ አንዳችሁ ሄዳችሁ ደህና መሆናችሁን ንገሩት።