ጥርስ የማይጠይቅ ጎድን

ወንድ ልጅ ፍም ካየ ማራገብ ይወዳል። እናንተም ቤት አይታችሁ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ወጥ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ የጠፋው ሰውዬ፣ በዓል ሲደርስ የከሰሉ አዛዥ ይሆናል። ካርቶን ቀዶ ያራግባል፤ ነበልባሉ ሲነሣ ደስ ይለዋል፤ ሥጋው ውጪው ከስሎ ውስጡ እንደ ጎማ ሲለጠጥ ደግሞ «በጉ ነው እንጂ» ብሎ በሞተ ከብት ያሳብባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኛ ለሴቶቹ ነው። የቸኮለ ወንድ የጠበሰውን ግን ቤተሰቡ በሙሉ ሲያኝከው ይውላል።

ባሌ ታደሰም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በአመሉ የተጎዱት ግን ታላቅ ወንድሙ ጋሽ በላቸው ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ጥርሳቸው እንደ ጓደኞቻቸው ተራ በተራ ተሰናብቷቸዋል። አምና በፋሲካ እኛ ቤት አንዲት ጎድን ይዘው ሲታገሉ፣ ጎረምሶቹ ልጆቼ «ጋሼ፣ ማን እያሸነፈ ነው?» ብለው ሳቁባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ለመስቀልም ለገናም ቢጠሩ «ጨጓራዬን አሞኛል» ሆነ መልሳቸው። ሰው ደግሞ በዓልን ብቻውን መዋል አንዴ ከለመደ መመለሻ የለውም። ለዘንድሮው ፋሲካ ካልመጡ ቀሩ ማለት ነው።

ፈላና በር በሚባለው ሰፈራችን ግንብ ለግንብ የምንዋሰናት ጎረቤቴ ዘሃራ በጎድን ጥብስ ስመ ጥር ናት። ስመ ጥር መሆኗን የማውቀው በአፍንጫዬ ነው። የእሷን ሥጋ እኔ አልበላ፣ የእኔን እሷ አትበላ። ምክር ግን ቢስሚላሂም በስመ አብም ስለማይባልበት ለሁላችንም ይበላል። ከጊደር መጋላ ገበያ ሥጋ የሚያለሰልስ ያልበሰለ ፓፓያ ግዢ አለችኝ። ፈግፍጌ ጎድኑን እንዳሸው፣ ብዙ ሳይቆይም እንዳጥበው ነገረችኝ፤ ብዘነጋው ሥጋ መሆኑ ቀርቶ ገንፎ ነው። ከሰሉን ወደ አንድ ዳር ገፍቼ ሥጋውን በሌላው ዳር ላስተኛና ድስት ልድፋበት።

«ፍሙ ይየው እንጂ አይንካው» አለችኝ። «ማራገቢያውን ደግሞ ወላሂ ደብቂው።»

ደበቅኩት። የፋሲካ ዕለት ጋሽ በላቸውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ጨጓራቸውንም ጭምር ለምኜ አመጣኋቸው። ታደሰ እጁ ሥራ ፈትቶ ማንደጃውን ሲዞር፣ በየመሐሉ ድስቱን ሊያነሣ ሲል፣ እኔ በማማሰያ እየመታሁት፣ ረፈደ። በኋላ ከግንቡ ማዶ የዘሃራ ድምፅ መጣ፤ ሽታው ደርሷታል፤ አሁን አውጪው አለች።

ትሪው ቀረበ። አጥንቱን ስትይዙት ሥጋው እንደ ነጠላ ይወልቃል። ልጆቼ ቀመሱና ተያዩ። ይኼ ቅቅል እንጂ ጥብስ አይደለም፣ ሥጋ የሚባለው ትንሽ መታገል አለበት እያሉ ገፋ አደረጉት። ታደሰማ፣ ማራገቢያ የተቀማ ሰው፣ ቀኑ ወጣለት።

ጋሽ በላቸው ግን አንዷን አነሡ፤ አጥንቷ ታጥባ የወጣች መስላ ተመለሰች። ሁለተኛዋን አነሡ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ድዳቸውን እንደ ወፍጮ ሲያዞሩ ያየ ሰው የሚያስቀናው ሌላ ነገር የለም፤ ልጆቼም አዩአቸውና ቀስ እያሉ ወደ ትሪው ተጠጉ። አንዱ እጁን ሰደደ።

ጋሼ ትሪውን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉ።

«ጥርስ ያላችሁ» አሉ፣ «አጥንቱ ይድረሳችሁ።»