የትንሿ እሳት አደጋ መኪናዬ ሳይረን

ቁጭ በሉና ስሙኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ ከአዳራሹ ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ ግን ሆዴ አልችል አለ።

ዛሬ ጠዋት እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ በሰው ፊት ተዋረድኩ። ያዋረደችኝ ደግሞ ከጥፍሬ የምታንስ ላስቲክ ናት!

ለማታውቁኝ፦ የጥርስ ክሊኒክ ረዳት ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ ሞዴል መኪና እሠራለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሳቁ፣ ቤሰደር፣ ግድ የለም።

ሰሞኑን የያዝኩት የእሳት አደጋ መኪና ነው። ከሳጥን የሚወጣውን ኪት መገጣጠም ማንንም አያቅተውም። የእኔ ፍቅር ኪቱ ውስጥ ያልመጣውን ትንንሽ ነገር ከቅራቅንቦ ራሴ መሥራት ነው። መሰላሉ ከጥርስ መጎርጎሪያ፣ የውኃ ቱቦው ከጫማ ማሰሪያ፣ የጎን መስታወቱ ከቸኮሌት መጠቅለያ። የበሩ እጀታ የጥርስ ማቅኛ ሽቦ ቁራጭ ነው። አለቃዬ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ከቆሻሻ ቅርጫት ነው ያነሣሁት።

የቀረኝ ሳይረኑ ብቻ ነበር።

አባቴ ጎረቤታችን በሆነችው ከተማ፣ ቂርያት ዔቅሮን፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቴሌቪዥናቸው አጠገብ አንድ ሰሃን አለች፤ ቁልፍ፣ ብሎን፣ ያለቀ ባትሪ፣ ምኑ ቅጡ ይጠራቀምባታል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ሰሃኗን ስበረብር፣ እንጉዳይ የምትመስል አፈ ሰፊ ላስቲክ አገኘሁ። ቀይ ብትቀባ ቁርጥ የሳይረን ጡሩምባ!

"አባዬ፣ ይህችን ልውሰዳት?" አልኳቸው። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፈቃድ ማለት ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ወሰድኳት። ቀይ ቀባኋትና በሱፐር ግሉ ጣሪያው ላይ አጣበቅኋት።

ከዚያ ወዲህ ነው አባቴ የተለወጡት።

ስደውል ስልክ አያነሡም። ቤታቸው ሄጄ ሳወራ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለው ዝም። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ!

ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። አንዴ "ትልቅ ሴት መጫወቻ ይዛ ትውላለች" ብለውኝ፣ እኔም አፌ አላርፍ ብሎ መልሼላቸዋለሁ። በቃ፣ ተቀይመውኛል አልኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ዝምታቸው እንቅልፍ ነሣኝ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ዛሬ ዓርብ ጠዋት በሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ በማትናሱ አዳራሽ፣ የሞዴል ሠሪዎች ኤግዚቢሽንና ውድድር ነበር። አባቴን እወስዳቸዋለሁ፣ ሰው ሥራዬን ሲያደንቅ ያያሉ፣ እንታረቃለን። በራቸው ላይ መኪናዬን አቁሜ በእጄ ስጠራቸው ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ወጡ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ሰጠኋቸው።

ዳኛው መጡ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። መሰላሉን አዩ፣ ቱቦውን ነኩ፣ "ኮል ሃካቮድ" እያሉ አመሰገኑኝ። ሰው ተሰበሰበ። ሳይረኗ ጋ ሲደርሱ ከምን እንደሠራኋት ጠየቁኝ።

እኔ ሆዬ ደረቴን ነፋሁ። አባቴም እንዲሰሙልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ለማንም ከማትጠቅም ቁራጭ!" አልኩ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩዋት። ቀና አሉ። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና የመስሚያ መሣሪያቸውን አውጥተው ከመኪናዬ ጎን አስቀመጡት።

ጫፉ ላይ ያችው ላስቲክ!

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

አባቴም መስሚያ ያደርጋሉ፤ ላስቲኳ ግን ጆሯቸው ውስጥ ስለምትገባ አይቻት አላውቅም። ለካ ያን ቀን የፈቀዱልኝ ሳይሰሙኝ ነው። ላስቲኳን አጥበው እንድትደርቅ ሰሃኗ ላይ አድርገዋት ኖሯል፤ ያለ እሷ መስሚያው ጆሮ ላይ አይውልም። የአባቴን ጆሮ ወስጄ፣ አኮረፉኝ እላለሁ።

በዚህ መሀል ሮኬት መጣ፣ ወደ መጠለያ ግቡ የሚለው የማስጠንቀቂያ ጩኸት ቢነሣ ኖሮስ?

ተንበርክኬ ጆሯቸው ሥር፣ "አባዬ፣ መስሚያዎ የት አለ?" ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው በሹክሹክታ የመለሱልኝ መስሏቸዋል። የሰማው ግን አዳራሹ በሙሉ ነው።

"ላስቲኳን ጣልኳት፣ ልጄ። ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።"

እስራኤል ለመግባት ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግራቸው የተጓዙ ሰው እኔን ፈሩ! አማርኛ የሚያውቁት ሳቁ፣ የማያውቁት ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ በጣቴ ሳይረኗን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩዋት። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ታዲያ ጆሮዬ እሳት ሊያጠፋ ሄዶ ነዋ!" አሉኝ።

ስንት ጊዜ የናፈቅኩት ድምፅ ነው። ሳቅኩም፣ አለቀስኩም።

ሽልማት? የለም። እሑድ የጤና መድን ክሊኒካችን፣ ኩፓት ሆሊም፣ ሄደን አዲስ ላስቲክ እናስገጥማለን። ይህችኛዋ ከጣሪያው ጋር ተጋብታለች፤ ብትጎተትም አትላቀቅም።

እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተስ ቤት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው አለ? ተቆጥቶ ነው? ወይስ ጆሮውን ወስዳችሁበት ነው?