ደንገጎ ላይ የበረረው ጨርቅ

«ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?» የሚሉ ሰዎች በደርግ ዘመን ኬላ ላይ ቆመው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ኮንትሮባንድ የያዘው እንኳ መልሱን አሰናድቶ ነው የሚመጣው፤ ባዶ እጁን የሚጓዘው ምስኪን ግን ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ራሱም አያውቀውም። ስለ ራሴ ነው የማወራዎት።

የባለቤቴ ወንድም ታደሰ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሊጠይቀን መጥቶ «ሐረርን፣ ያንን የጥንት ግንብ ሳላይ አልመለስም» አለ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣንና በአንድ አሮጌ ፔጆ የደንገጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ተያያዝነው። አጠገባችን አደ ፋጡማ የሚባሉ ነጋዴ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የከሳ ነው፤ ከአንገት በታች ግን የሁለት ሰው ቦታ ይዘዋል። የድሬ ሰው ከሆኑ ምክንያቱን አልነግርዎትም፤ ካልሆኑ ግን፣ የሚሸጡትን የኮንትሮባንድ ጨርቅ ገላቸው ላይ ጠምጥመውታል።

ተራራው ጫፍ ላይ ኬላ። «ውረዱ!» ወረድን። ነፋሱ ሰው ይጥላል። አደ ፋጡማ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ሳለ ከቀሚሳቸው ስር ቀይ ናይለን ሾልኮ ወጣ፤ ተዘረጋ፤ ነፋስ ሞላውና እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ወደ ድሬ ቁልቁል ተንሳፈፈ።

ወታደሩ ዞረ። «የማነው?»

የአደ ፋጡማ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱአ ነው። ወታደሩ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «አንተ! ምን አየህ?»

አላየሁም እንዳልል አፌን ከፍቼ ጨርቁን ቁልቁል ሳይ ደርሶብኛል።

«ጉ... ጉም መሰለኝ፣ ጓድ።»

«ቀይ ጉም?»

በዚያ ዘመን በቀይ አይቀለድም። ታደሰ ከጎኔ ሲያቃስት ሰማሁት። ወታደሩ ግን ወደ ገደሉ ተጠግቶ ጨርቁ ነጥብ እስኪያክል ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

«አቦ! በዚህ ኬላ ያለ ይለፍ ወረቀት ያለፈ እሱ ብቻ ነው» አለና ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። «ተሳፈሩ!»

መኪናው ሲንቀሳቀስ አደ ፋጡማ እንባና ሳቅ እየተናነቃቸው «ወላሂ ልጄ፣ አላህ ጉምህን ያብዛልህ» አሉኝ።

ሐረር ገባን። ታደሰ ጀጎል ግንብ ስር ቆሞም ላቡ አልደረቀም። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ግንቡን በመዳፋቸው እየዳሰሱ «ይህ የተሠራው ለጠላት መከላከያ ነው» ብለው ሲያስረዱን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

«ለውጭ ጠላት ነው ለውስጥ፣ አባቴ?»

ሽማግሌው ግራ ቀኛቸውን አዩ።

«ያኔ» አሉ፣ «የውጭ ነበር።»