በሬዲዮ የሚያክመው ዶክተርና አማቴ

ሐበሻ በሽታውን የሚደብቀው ከማን ይመስልሃል? ከጠላቱ? ኧረ ተወኝ! ከሚያክመው ሰው ነው። አማቴ እማማ ዘውዴ አብረውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሰላም፣ ማለትም ባለቤቴ፣ ነርስ ናት። "እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?" ስትላቸው "ተመስገን" ነው መልሳቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ለሬዲዮ ግን ሆዳቸውን ዘርግፈው ይሰጣሉ፣ ጉድ እኮ ነው!

እኔ ሾፌር ነኝ፤ ከአትላንታ ኤርፖርት መንገደኛ አመላልሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ኢስት ፖይንት ሰው አድርሼ ስመለስ የአማርኛውን ሬዲዮ ከፈትኩ። የ"ዶክተሩ" ሰዓት ነበር። ዶክተርነቱን እንዳትጠይቀኝ። አገር ቤት የከብት ክትባት የሚያመላልስ መኪና ይነዳ ነበር። እዚህ አትላንታ አንድ ሠርግ ላይ መድረክ መሪው "ዶክተር" ብሎ ጠራው። እሱም ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን፣ በቃ ተመረቀ። ሾፌር አልንቅም፣ ግን እኔ ተሳፋሪዬን አላክምም!

ሰው ደውሎ ሕመሙን ይነግረዋል። እሱ ሳያይ፣ ሳይነካ፣ "ቁጥር ሁለት ይጠጡ፣ ቁጥር አራት ይጠጡ" ይላል። ቁጥሮቹ ጠርሙሶች ናቸው፤ ብራያርክሊፍ መንገድ አንድ ሱቅ ውስጥ ከበርበሬው ጎን ይሸጣሉ። ሬት ናቸው አሉ። ታዲያ ያልመረረና ያላስቀመጠ መድኃኒት መቼ አምነን እናውቃለን?

አንዲት እናት ደወሉ። "አስካለ እባላለሁ፣ ከፒችትሪ ኮርነርስ" አሉ። ክው አልኩ። ምን አስካለ! ድምፁ የእማማ ዘውዴ ነው፣ ያውም ከኔ ሳሎን!

"ዶክተርዬ፣ የደም ግፊቱን ክኒን ተዪ ካሉኝ ይኸው ሁለት ሳምንቴ። ቁጥር አራትን እየጠጣሁ ነው። ዛሬ ግን ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔም ብዥ አለብኝ።"

"በሽታው እየወጣ ነው እናቴ፤ ሁለት ማንኪያ ያድርጉት" አላቸው።

እግዚኦ! መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ሰላም ከአዳር ሥራ ተመልሳ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ደውዬ ቀሰቀስኳት። ወርዳ ስትለካቸው ጮኸች። ግፊቱ ጣራ ነክቷል! አምቡላንስ ጠርታ ወሰደቻቸው፤ እኔም ተከትዬ ሆስፒታል ደረስኩ።

በማግስቱ ሻል አላቸው። ክኒን ግን አልውጥም አሉ። ሐኪሙ አስረዳቸው፣ እምቢ። ሰላም እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ እምቢ። "ዶክተሬ ሳያዙኝ አላደርገውም" ብለው አፋቸውን ገጠሙ። እናቷ ዓይኗ እያየ ሊሞቱባት ነው።

ኮሪደር ላይ ወጥቼ ስንጎራደድ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ራሱ ዶክተሩ! የበሽተኛ አምባር እጁ ላይ አስሮ፣ የመድኃኒት ከረጢት አንጠልጥሎ። ከረጢቱ ላይ የግፊት ክኒን ስም ተጽፏል፤ ለራሱ ግፊት ታክሞ እየወጣ ነው!

"ምነው ዶክተር፣ ቁጥር አራት አለቀ እንዴ?" አልኩት።

ግራ ቀኙን አየና "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ኢንሹራንስ አለኝ" አለኝ።

ላንቀው እጄን ካነሣሁ በኋላ እማማ ዘውዴ ትዝ አሉኝ። ክንዱን ይዤ፣ "አሁን ገብተህ ክኒኑን ካላዘዝክላቸው ይህን ከረጢት ለአገር ሁሉ አወራዋለሁ" ብዬ አስገባሁት።

እማማ ዘውዴ ሲያዩት ከአልጋ ሊነሡ ቃጣቸው። "ሊጠይቁኝ መጡ! አየሽ ሰላም? የትኛው ሐኪም ነው በሽተኛውን ሊጠይቅ የሚመጣው?"

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና "እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ክኒኑን በየቀኑ ይውሰዱ። ጠርሙሱን ይተዉት" አላቸው። ውሃ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቁም፣ ዋጡት። ሰላም ስንት ዓመት የተማረችበትን አንድ የከብት ክትባት ሾፌር በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው!

በሳምንቱ "አስካለ" ሬዲዮ ላይ መሰከሩ። ዶክተራቸው ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠየቋቸው፤ ባዘዙላቸው ክኒንም ዳኑ። ምን ይባላል? አንድም ውሸት የለበትም እኮ! ሰላም በንዴት ሬዲዮኑን ከግድግዳው ነቀለችው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የሰላም የሥራ ባልደረባ ናት፣ እሷም ነርስ። "ሊሰን፣ ስማኝ፣ እናቴ ፒሏን አልወስድም ብላ ልትሞትብኝ ነው። ያንን የሬዲዮ ሰውዬ አምጣልኝ፣ ፕሊስ" አለችኝ።

ያንን አጭበርባሪ? ለነርስ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኋት።