የማያጨሰው ሊቀ ፒፓ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የማይበላ፣ የማይለበስ፣ የማይከራይ ነገር በውድ ዋጋ ገዝቶ የሚገባ፣ ገብቶም ዝም የማይል። አንዱ የቆመ ሰዓት ያመጣል። ሌላው ድምፅ የማያወጣ ራዲዮ ተሸክሞ በበሩ ይገባል። ሚስቶቻቸውን ወይም እህቶቻቸውን ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ ተመሳሳይ ነው፤ ዋጋውስ ይቻል ነበር፣ የማይቻለው ማብራሪያው ነው።

የሰፈራችን የቬሎ ሰፊዋ ባል ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው፤ ሹመት ቢኖራቸው ኖሮ የፊት ወንበር የሚሰጠው እሱ ነበር። ሥራው የጥርስ ሐኪም፣ ሱሱ ፒፓ። ሱስ ስል ማጨስ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ አጭሶ አያውቅም። የሲጋራ ጭስ ከመንገድ ማዶ ከሸተተው አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ ያስላል። ቀኑን ሙሉ ክሊኒኩ ውስጥ የአጫሾችን ጥርስ በመስታወት እያሳየ፣ "ይቺን ጥቁር ነገር አየሃት? ዛሬ ካላቆምክ የዛሬ ዓመት ጥርስህን በኪስህ ይዘህ ነው የምትመጣው" እያለ ሰው ሲያስፈራራ ይውላል። አመሻሽ ላይ ቤቱ ይገባና እጁን ታጥቦ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ ፒፓዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል።

ጋራዥ ያለው የሚስቱ ወንድም "ሊቀ ፒፓ" ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሐኪሙም አልተቀየመም፤ እንደ ማዕረግ ነው የተቀበለው።

ሙያውን ደግሞ ለሱሱ ማዋል ያውቅበታል። የጥርስ መስታወቷን ፒፓው ራስ ውስጥ አስገብቶ የውስጡን ቃጠሎ ይመረምራል። በጥርስና ጥርስ መሀል የምትገባው ቀጭን ብሩሽ የጭሱን መተላለፊያ ትጠርጋለች። አፍ ውስጥ የሚገባው ጥቁር ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሲሆንበት፣ የሰው ጥርስ በሚያነጣበት ቅባት አሽቶ እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጨዋል። ከሁሉም በላይ የሚኮራው ግን የጥርስ አሻራ በማንበቡ ነው። ያገለገለ ፒፓ ላስቲኩ ላይ የባለቤቱ ንክሻ አይጠፋም።

"ይሄ ሰውዬ በግራ በኩል መንጋጋ አልነበረውም" ይላል፣ እራት ላይ ለተቀመጠ እንግዳ ላስቲኩን እያስጠጋ። "አየህ፣ የሚነክሰው በቀኝ ብቻ ነው። ምስኪን፣ ያን ጊዜ ማን ይትከልለት?"

እንግዳው ማንኪያውን ያስቀምጣል።

"አንድ ፒፓ ለምን ይሄን ያህል ይወደዳል?" ብሎ የጠየቀው ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ሌላ ቀጠሮ ባይኖረው ይሻለዋል። "ይሄ ፒፓ አይደለም" ብሎ ነው የሚጀምረው። እንጨቱ በድንጋያማና ደረቅ ተዳፋት ላይ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ሥር ይቆረጣል። ሥሩ እስኪያብጥ ድረስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል፤ ተቆፍሮ ይቀቀላል፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እንደገና ዓመታት ይደርቃል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ አብዛኛው እንጨት ውስጡ አሸዋ ይገኝበታል ወይም ይቦረቦራል። መስመሩ ከታች ወደ ላይ እንደ እሳት ነበልባል ቀጥ ብሎ የወጣ እንጨት ማግኘት ዕድል ነው። እሱንም ሠሪው በእጁና በዓይኑ ብቻ እየተመራ ይቀርጸዋል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት የተደበቀች ቀዳዳ ብቅ ካለች የስንት ቀን ድካሙን አንስቶ እሳት ውስጥ ይጥለዋል። ሐኪሙ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል፣ የሞተ ሰው እንደሚያነሳ። ከዚያ ፒፓውን የጠያቂው መዳፍ ላይ ያስቀምጥና፣ "መጀመሪያ ያዘው፤ ከዚያ እናወራለን" ይላል።

ያልተበገረለት የሚስቱ ወንድም ብቻ ነው።

"የእንጨት ሥር ነው አይደል?" አለው አንድ ቀን።

"ሥር ነው።"

"ሥር ደግሞ ማገዶ ነው።"

"አንተ የምትፈታው ሞተር ብረት ነው አይደል?"

"ብረት ነው።"

"ብረት ደግሞ ምስማር ነው።"

ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ተኮራረፉ፤ ማለትም እስከ ምሳ።

ሚስቱ ይሄን ሁሉ ችላ ትኖር ነበር። ሥራዋ ወገብ ይይዛል፤ ማታ ማታ የሚያወራ ባል ከማይናገር ባል ይሻላል ብላ ታስባለች። ነገር የመጣው በወንበሩ በኩል ነው።

የክሊኒኩ ወንበር አርጅቷል። ፓምፑ አየር መያዝ ስለተሳነው፣ በሽተኛው አፉን ከፍቶ እንደተኛ ወንበሩ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይወርዳል። ሐኪሙም አብሮ ይወርዳል። ጥርሱን ነቅሎ ሲጨርስ ራሱን ተንበርክኮ ያገኘዋል። አንዲት አሮጊት እንዲያውም መሀል ላይ እጁን ይዘው፣ "ልጄ፣ ወዴት እየወሰድከኝ ነው?" ብለውታል። መካኒኩ ወንድም ደጋግሞ ቢጠግነውም አልሆነም። ባልና ሚስቱ አዲስ ወንበር ለመግዛት ከሁለቱም ሥራ እየቆነጠሩ ገንዘብ ማስቀመጥ ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

አንድ ቀን ሐኪሙ ከወትሮው ቀደም ብሎ፣ የጫማ ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባ። ግንባሯን ሳማት። ያን ጊዜ ነው የጠረጠረችው።

"እሜቴ፣ ከመቆጣትሽ በፊት መጀመሪያ ያዢው።"

ያዘችው። ከአንድ ሟች ዳኛ ወራሾች የተገዛ ፒፓ ነበር። ቀላል፣ ለብ ያለ፣ መዳፏ ውስጥ ልክ ብሎ የተኛ።

"ወንበሩስ?" አለችው።

"ወንበሩ ትንሽ ይታገሣል።"

"ወንበሩስ ይታገሥ፤ አብረውት የሚወርዱት ሰዎችስ?"

አልጮኸችበትም፤ እሱን ያስደነገጠውም ይሄ ነው። ፒፓውን መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አስተኛችና፣ "ይሸጣል" አለች። "አለበለዚያ ነገ ክሊኒክ መጥቼ ወንበሩን ከሥር የምደግፍልህ እኔ ነኝ።"

በማግስቱ ስፌት ቤቷ ውስጥ አንድ ቬሎ ለማስረከብ የሙሽራዋን አክስት ተቀብላ ነበር። አክስትየው ልብሱን ሳይነኩ ዙሪያውን ዞሩት።

"የኔ ልጅ፣ ቆንጆ ነው። ግን ገበያ ላይ ተሰፍቶ የሚሸጠው በዚህ ግማሽ ዋጋ አለ እኮ።"

"እማማ፣ ይሄ ቬሎ አይደለም" አለችና ምላሷን ነከሰች።

"ታዲያ ምንድነው?"

ከተጀመረ አይቀር ቀጠለች። ዶቃው እያንዳንዱ ለብቻው እንደተቋጠረ፣ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው እንደማይረግፍ ነገረቻቸው። የሙሽራዋ ግራ ትከሻ ከቀኟ ዝቅ ስለሚል አቆራረጡ እሱን እንዲሸፍን መደረጉን፣ ስፌቱ ቆዳ እንዳይቧጥጥ ከውስጥ በእጅ መታጠፉን አሳየቻቸው። ሴትየዋ አሁንም ከንፈራቸውን ሲያጣምሙ፣ ልብሱን አንስታ እጃቸው ላይ አደረገችው።

"መጀመሪያ ይያዙት፤ ከዚያ እናወራለን።"

አክስትየው ያዙት። የውስጡን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ሳይከራከሩ ከፈሉ። ቬሎ ሰፊዋ ከሄዱ በኋላ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና ለብቻዋ፣ "ወይ ጉዴ፣ ተጋባብኝ" አለች።

ቢጋባባትም ሐሳቧን አልቀየረችም። ወንበሩ አሁንም ይወርዳል። ወንድሟ መኪናውን የሚጠግንለት አንድ ባለ ሆቴል ፒፓ እንደሚሰበስብ ያውቅ ነበርና እሁድ ከምሳ በኋላ ይዞት መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ዕቃ ሲይዝ ግን ጣቶቹ ይጠነቀቃሉ። ሐኪሙ ነጭ ፎጣ ዘርግቶ ፒፓውን እንደ ሕክምና መሣሪያ መሀል ላይ አስተኛው።

ሊቀ ፒፓ ፒፓን ማድነቅ እንጂ መሸጥ አያውቅም።

"ከመግዛትዎ በፊት፣ ከጠርዙ በታች ስንጥቅ አለችው" አለ።

ባለ ሆቴሉ ወደ ብርሃን አዙሮ ፈለገ። "የት? አልታየኝም።"

"ቆይ፣ ማጉያ መነጽሬን ላምጣልዎት።"

አመጣለት። አሳየው። ሰውየው አየና ዋጋ ቀነሰ። ሐኪሙ ቀጥሎ ላስቲኩ ላይ ያለችውን ንክሻ አሳየው፤ ሰውየው ደግሞ ቀነሰ። ወንድሟ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ፣ "ትንሽ ከቆየ እኮ ገንዘብ ጨምሮ ነው የሚሰጠው" አላት።

"ዶክተር" አለች ሚስቱ፣ "እስቲ ለእንግዳው ውሃ አምጣ።"

ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ወንበሩ ላይ ተተካች።

"ስንጥቋ የላይ ናት፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም" አለች። "እሱ ሥራው ሆኖበት ጤነኛ ጥርስም ይጠራጠራል። እርስዎ መስመሩን ይዩት። ዙሪያውን፣ ከታች እስከ ላይ፣ አንድም ቦታ ታጥፏል?"

"አልታጠፈም።"

"ሠሪው ይሄን አንዱን ለማግኘት ስንቱን እሳት ውስጥ ጥሏል? የሚከፍሉት ለዚህ ብቻ አይደለም፤ ለተጣሉትም ነው። ሠሪው ደግሞ አሁን በሕይወት የለም። ነገ ልጨምር ቢሉ የሚሠራልዎት ሰው የለም።" ባሏ ከገዛበት የሚበልጥ ዋጋ ጠራች፤ ስትጠራ ዓይኗን አልሰበረችም።

ባለ ሆቴሉ ፒፓውን መዳፉ ውስጥ አገላበጠው። "እሺ" አለ።

ሐኪሙ ትሪ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ስንት ዘመን ለግድግዳ ሲያወራ የኖረ የመሰለው ሰው፣ ግድግዳው አፍ አውጥቶ ሲመልስለት የሚያይበት ፊት ነበረው። ኩራትም ነበረበት፤ ግን ወዲያው "እሺ" የሚለው ቃል ገባው። ትሪውን አስቀመጠና ፒፓውን ለመጨረሻ ጊዜ አነሳው።

"ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት" አለ። "ፀሐይ አያግኘው። ላስቲኩን በየወሩ ካላጸዱት ይበላሻል።" በራሱ መሀረብ መጠቅለል ጀመረ። አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ አልለቅ አለች። ሚስቱ ይቺን አውራ ጣት ታውቃታለች። ልጃቸውን በዳሩ ቀንም የቬሎዋን ጫፍ ይዞ እንዲሁ መልቀቅ አቅቶት ነበር።

ባለ ሆቴሉን እስከ ውጭ በር የሸኘችው እሷ ናት። ወንድሟ መኪናውን ለማስነሳት ቀድሟል።

"አንድ ነገር ልለምንዎት" አለችው።

"ይበሉ፣ እመቤቴ።"

"ከዋጋው ልቀንስልዎት።"

ሰውየው ቆመ። ተስማምቶ የከፈለ ሰው እንዲህ ሲባል በዕድሜው አልሰማም። "ለምን ሲባል?"

"በየወሩ ፒፓውን ይዘው ይምጡና ባለቤቴ ያጽዳልዎት። ማጽዳት አይችሉም።"

"እኔ? እኔ እኮ ፒፓ ሳጸዳ ነው ያረጀሁት!"

"አይችሉም አልኩዎት።"

ባለ ሆቴሉ መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፤ ሐኪሙ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ የተጠቀለለችውን መሀረብ በዓይኑ ይሸኛል።

"እውነትዎን ነው" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። "ከድሮም አልችልበትም።"

ለወንበሩ የጎደለውን ከቬሎው ክፍያ ሞላችው። ባሏ አልጠየቀም፤ የፒፓ እንጂ የሌላ ነገር ሒሳብ ይዞ አያውቅም። አዲሱ ወንበር ገባ፤ በአንድ ቁልፍ ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል፣ ካስቆሙት ይቆማል። ሐኪሙ ደስ ብሎት የመጀመሪያውን ሰሞን በሽተኛውን ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ከረመ። ቤት ሲገባ ግን ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ቶሎ ይዘጋዋል። እራት ላይ እንግዶች በሰላም ይበላሉ። ቤቱ ፀጥ አለ፤ ሚስቱም ፀጥታውን አልወደደችውም።

ወሩ ሲያልቅ ባለ ሆቴሉ በሩን አንኳኳ።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ነገር አቃተኝ" አለ፣ መሀረቡን እየፈታ።

ሐኪሙ መነጽሩን ለመፈለግ በሁለት እጁ ኪሱን ሁሉ ደበደበ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ብሩሹ ወጣ፣ ቅባቱ ወጣ፣ መስታወቷ ወጣች። ሻይ ቀርቦላቸው ቀዘቀዘ፤ ተቀይሮላቸው እንደገና ቀዘቀዘ። ስለ አንድ እንጨት መስመር ይሄን ያህል የሚወራ ነገር መኖሩን እግዜር ይወቀው። ቬሎ ሰፊዋ በሚቀጥለው ክፍል እየሰፋች በሩን አልዘጋችውም።

እንግዳው ሲሄድ ባሏ እየተንጎራደደ መጣና ከማሽኗ አጠገብ ቁጭ አለ። ፊቱ በርቷል።

"አይገርምሽም?" አላት። "ይሄን ያህል ዘመን ሰብስቦ ማጽዳት አያውቅም!"

"እንዴት አያውቅም?"

"አያውቅም ስልሽ! ብሩሹን የሚያስገባው በተሳሳተው በኩል ነው። በዓይኔ አየሁት። እኔ ባልኖርለት ኖሮ በዓመቱ ያ ፒፓ አልቆለት ነበር። በየወሩ መምጣት አለብህ ብዬ ቁርጡን ነገርኩት፤ ደስ ካላለው ይተወው።"

"እሺ አለህ?"

"ምን አማራጭ አለው?"

"ደግ አደረግህ" አለችና አጎንብሳ የስፌቱን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

"በጥርስሽ ክር አትበጥሺ አላልኩሽም?" ብሎ ጮኸ ሐኪሙ። "መቀስ የሌለው ቤት ነው ይሄ?"

"እሺ፣ እሺ" አለች ሚስቱ፤ የወደቀ መቀስ እንደምትፈልግ ሰው ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች፣ ሳቋ እስኪያልፍላት ድረስም ቀና አላለችም።